«ምንም አልተገኘም» የሚለው ገጽ ከየት ይመጣል? ለባሕር ዳር ቤተ መጻሕፍት ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምንሠራው ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ ቤተ መጻሕፍት ነው። ስለ ጣና ሐይቅና ስለ አካባቢው የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች፣ ሪፖርቶች፣ የቆዩ ፎቶዎችና የብራና መጻሕፍት ምስሎች፣ በጠቅላላው 4,000 ያህል፣ ዲስፔስ በሚባለው የዲጂታል ማከማቻ ፕሮግራም ላይ ጭነናል። ሰው ገብቶ አንድ ቃል ይጽፋል፣ ‹ምንም አልተገኘም› ይለዋል፣ ይወጣል። ገጹን እንደ አዲስ ልናሠራው ነው። ከምን እንጀምር? ካርታ ብንጨምርስ ይጠቅማል?»

ጤና ይስጥልኝ። ገጹን ለዲዛይነር ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ፍለጋው ላይ «ባሕር ዳር» ብላችሁ ጻፉና የወጣውን ቁጥር መዝግቡ። ቀጥላችሁ «ባህር ዳር»፣ ከዚያ «ባኅር ዳር» በሉ። ሦስቱን ደግሞ አገጣጥማችሁ ጻፏቸው፦ «ባሕርዳር»፣ «ባህርዳር»፣ «ባኅርዳር»። ሲስተሙ ለአማርኛ ካልተስተካከለ እስከ ስድስት የሚደርሱ የተለያዩ ቁጥሮች ታያላችሁ። ለኮምፒዩተሩ ሕ፣ ህ እና ኅ የማይገናኙ ሦስት ፊደሎች ናቸው፤ ለአንባቢው ግን አንድ ከተማ ነው። በዚህ ላይ የቱንም ያህል የሚያምር ገጽ ብትሠሩ «ምንም አልተገኘም» በሚያምር ፎንት ከመታየቱ በቀር የሚለወጥ ነገር የለም። ስለዚህ የምመክራችሁ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ፊደሉ፣ ቀጥሎ መዝገቡ፣ መልኩ ከሁሉም በኋላ።

ፊደሉን ማስተካከል እንደሚመስለው ከባድ አይደለም። ዲስፔስ የሚፈልግበት ሞተር፣ ሶለር፣ አንዱን ፊደል በሌላው የሚተካ ማጣሪያ ይቀበላል። የምትሰጡት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በየመስመሩ «ይህ ሲመጣ በዚህ ተካ» ይላል። የሐ፣ የኀ፣ የሠ፣ የዐ እና የፀ ቤተሰቦች ከነሰባት መልካቸው ወደ ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ ሲመለሱ 35 መስመር ይሆናል። ሃ፣ ሓ እና ኃ ወደ ሀ፣ ኣ እና ዓ ደግሞ ወደ አ እንዲሄዱ አድርጉ፤ ለዚህ የሚጨመሩት ሃ እና ኣ ብቻ ስለሆኑ በድምሩ 37 መስመር ነው። «ዓሣ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ፣ ሁለተኛው ሳ ወይም ሣ ሊሆን ስለሚችል 8 አጻጻፍ አለው። በሐይቁ ዳር ላለ ቤተ መጻሕፍት በስምንት የተከፈለ «ዓሣ» ትንሽ ጉዳት አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ መተኪያው፣ ሲስተሙ የሚፈልግበት የቃላት ማውጫ ሲሠራ ብቻ ወይም ተጠቃሚው ሲጽፍ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ሁለቱም ጋ ካልገባ ውጤቱ ከበፊቱ ይብሳል፤ ማውጫው «አሳ» ብሎ ይዞ ተጠቃሚው «ዓሣ» ብሎ ይጠይቀዋልና። ፋይሉን ከጨመራችሁ በኋላ ማውጫው ከዜሮ መሠራት አለበት፤ የድሮዎቹ መዝገቦች በድሮው ፊደል እንደተቀመጡ ናቸው። ሁለተኛው ስሕተት መዝገቡን ራሱን መለወጥ ነው። ደራሲው «ዓባይ» ብሎ ከጻፈ ገጹ ላይ «ዓባይ» ሆኖ ይታይ። የሚዋሐደው በማውጫው ውስጥ ብቻ ነው።

ለብራና መጻሕፍቱ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በግዕዝ ፊደሉ ትርጉም ይለያል፦ «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥል ነው፣ «ሰአሊ ለነ» ሲባል ደግሞ ልመና ነው። ከተዋሐዱ በኋላ አንድ ይሆናሉ። መፍትሔው ያልተዋሐደውንም ቅጂ በሌላ መስክ (በመዝገቡ ሌላ ሳጥን) ማስቀመጥና ልክ በተጻፈው ፊደል የተገኘውን ከላይ ማውጣት ነው። በዝርዝር ፍለጋ ገጽ ላይ ደግሞ «በዚሁ ፊደል ብቻ» የምትል አንዲት ምልክት ማድረጊያ ጨምሩ። ግዕዝ ለሚያጠና ሰው ትልቅ ነገር ናት።

ቀጥሎ የቃላት ቅጥያዎች አሉ፦ የጣና፣ በጣና፣ ከጣና፣ ለጣናው። ከፊት ያሉትን የ፣ በ፣ ለ፣ ከ በጅምላ መቁረጥ ይቀናል፤ አታድርጉት። «ከተማ» ተቆርጦ «ተማ»፣ «በሬ» ተቆርጦ «ሬ» ይሆናል። ሳይጎዳ የሚሠራው ዘዴ፣ ቆርጦ የቀረው ቃል ከምታውቁት የቦታና የርእስ ዝርዝር ውስጥ ካለ ብቻ መቁረጥ ነው። የአማርኛን ግስ ሙሉ በሙሉ የሚተነትን ሆርንሞርፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ እሱን ግን ለሁለተኛው ዙር አቆዩት።

ሶለር «የተጠጋ አጻጻፍ»ም ፈልግ ሲባል ይፈልጋል፤ በእንግሊዝኛ የተለመደ ነው። የአማርኛ ቃል ግን አጭር ነው፤ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ሌላ ቃል ይሆናል። «ጣና» ብሎ ለፈለገ ሰው «ጤና» የተጻፈበትን ሁሉ ታወርዱበታላችሁ። ከ5 ፊደል በታች ላለ ቃል ዝጉት፤ ለረጅሞቹም ቢሆን ውጤት ሲጠፋ በ«ይህን ማለትዎ ይሆን?» መልክ ብቻ ይምጣ።

ሳጥኑ ውስጥ ሲጻፍ ከሥር የሚዘረጋው የጥቆማ ዝርዝርም እንደዚሁ የእኛን ፊደል ማክበር አለበት። ብዙ ጊዜ ከ3 ፊደል በኋላ እንዲጀምር ይደረጋል፤ በግዕዝ ፊደል 3 ማለት ብዙ ጊዜ ሙሉ ቃል ነው። ከ2 ይጀምር። ሌላው፣ በድምፅ በሚጽፉ ኪቦርዶች «ጣ» ለመጻፍ መጀመሪያ «ጥ» ይመጣል፣ ከዚያ ወደ «ጣ» ይለወጣል። ገጹ በየንክኪው የሚፈልግ ከሆነ «ጥና» የመሰለ ያልታሰበ ቃል ይፈልግና ዝርዝሩ እየጠፋ እየመጣ ዓይን ያደክማል። ፊደሉ ተጠናቅቆ እስኪገባ እንዲጠብቅና ከመጨረሻው ንክኪ በኋላ 300 ሚሊሰከንድ ያህል ቆይቶ እንዲፈልግ ለፕሮግራመሩ ንገሩት።

አሁን ወደ መዝገቡ። የእናንተ ስብስብ ከፊደልም የሚከፋ ስንጥቅ ሳይኖርበት አይቀርም፦ የመመረቂያ ጽሑፎች በአብዛኛው የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፣ ጠያቂው ግን የሚያስበው በአማርኛ ነው። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየው አረም ወዲህ የተጻፈው ብዙ ነው፤ «እምቦጭ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ግን አንዱንም ላያገኝ ይችላል። ርእሱ ላይ ያለው ወይ ዋተር ሃያሲንት ነው፣ ወይ አይኮርኒያ ክራሲፔስ የሚለው ሳይንሳዊ ስም። ደግሞ «እንቦጭ» ብሎ የሚጽፈው ጥቂት አይደለም፤ ይህን የፊደል መተኪያው አያድነውም።

ስለዚህ የርእስ ዝርዝር አዘጋጁ። አንድ ርእስ፣ አንድ መለያ ቁጥር፣ ከሥሩ ሁሉም ስሞቹ፦ የሚታየው የአማርኛ ስም፣ ሌላው አጻጻፍ፣ የእንግሊዝኛው፣ ሳይንሳዊው፣ በላቲን ፊደል የሚጻፈው። አምባዛ፣ ቆሮሶ፣ ደንገል፣ ታንኳ፣ የዘጌ ቡና፣ ደለል፣ የፎገራ ሩዝ እያላችሁ ሂዱ። ለ4,000 መዝገብ ከ150 እስከ 200 ርእስ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን መዝጋቢዎቹ ራሳቸው የቱን እንደሚመርጡ ይጠፋባቸዋል፣ አንዱ «ዓሣ ማስገር» ሌላው «የዓሣ ሀብት» ይላል፣ ስብስቡም ይበተናል። መዝጋቢው ከዝርዝር ይምረጥ እንጂ በእጁ አይጻፍ። ለእያንዳንዱ ሰነድ ከ2 እስከ 4 ርእስ ይበቃል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ግን ከገንዘባችሁም ከጊዜያችሁም አብዛኛው እዚህ ቢውል አይቆጭም።

የደራሲ ስም ላይ ዲስፔስ የቤተሰብ ስም ቀድሞ በነጠላ ሰረዝ እንዲለይ ይጠብቃል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ መዝጋቢ «ከበደ፣ አበበ» ሌላው «አበበ ከበደ» ብሎ ሲያስገባ አንድ ሰው ሁለት ይሆናል። «ዶ/ር» ሲጨመር ሦስት፣ «ገ/ማርያም»ን «ገብረ ማርያም» እና «ገብረማርያም» ብለው ሲጽፉ ደግሞ ቁጥሩ ይበዛል። ደንቡ አጭር ይሁን፦ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም በዚሁ ተራ፤ ያለ ማዕረግ፤ ያለ አሕጽሮት። ለውጭ አገር ደራሲዎች የራሳቸው ልማድ ይጠበቅ።

ዓመቱ ላይ ያለው አደጋ አይታይም፣ ለዚህ ነው የሚያስፈራኝ። የሲስተሙ የቀን መስክ የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ይጠብቃል። መዝጋቢው ሽፋኑ ላይ ያየውን 2012 ቢያስገባ ሲስተሙ ምንም ሳይል ይቀበለዋል፤ ጥናቱም በዓመት ማጣሪያው ላይ 8 ዓመት ወደኋላ ሄዶ ይቀመጣል። የ2012 ዓ.ም. ዓመት ከመስከረም 12 ቀን 2019 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ፣ መስከረም 10 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ ነው፤ ይህን የጻፍኩት በአውሮፓውያኑ ወር ነው። ሁለት መስክ አድርጉ፦ አንዱ ሽፋኑ ላይ እንዳለ ለማሳያ፣ ሌላው ተሰልቶ ለማጣሪያ። ወሩ ከታወቀ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል። ዓመቱ ብቻ ከታወቀ 8 ደምሩ፤ የዓመቱ ትልቁ ክፍል እዚያ ይወድቃል፣ የመመረቂያ ጽሑፍም አብዛኛውን ጊዜ ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው የሚገባው። ገጹ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ይታዩ፦ «2012 ዓ.ም. (2020 እ.ኤ.አ.)»።

ፒዲኤፎቹን በተመለከተ በአጭሩ፦ ከአሮጌ ፋይሎች አንድ መስመር ገልብጣችሁ ማስታወሻ ላይ ለጥፉ። የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከወጣ ሰነዱ የተጻፈው ከዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል ኮድ) በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ነውና ወደ ዩኒኮድ ሳይለወጥ ምንም ፍለጋ አያገኘውም። ምንም የማይገለበጥ ከሆነ ምስል ብቻ ነው። ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነበው ፕሮግራም፣ ቴሰራክት፣ አማርኛ ያነባል፤ ስካኑ ግን 300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) ይሁን፣ ገጹም አይዘምም።

አሁን ገጹ። የመረጃ ሳይንስ ምሁሯ ማርሻ ቤትስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው ጥናት የሰው ፍለጋ በአንድ ጥያቄና በአንድ መልስ እንደማያልቅ፣ ጫካ ገብቶ ከየቁጥቋጦው ፍሬ እንደ መልቀም እንደሆነ አሳይታለች። እኛ ቃርሚያ የምንለው ነው፦ ቃራሚው ማሳው ውስጥ ምን እንደቀረ የሚያውቀው ሲገባበት ነው። እናንተ ጋ የሚመጣው ተማሪም የሚጽፈውን ቃል ገና አያውቀውም። ባዶ ሳጥን ብቻ የሰጣችሁት እንደሆነ የማያውቀውን ስም ጥራ ማለታችሁ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ከላይ ይኑር፤ ከሥሩ ግን ያላችሁ ነገር ይታይ፦ 8 ወይም 10 ዋና ርእሶች ከነብዛታቸው፣ «እምቦጭ 64»፣ «ዓሣ 210» እንደማለት። ቁጥሩን አትተዉት። ሰውየው ሳይጫነው በፊት ከበሩ ኋላ ምን ያህል እንዳለ የሚነግረው እሱ ነው።

የውጤት ገጹ ላይ ከ4 እስከ 6 ማጣሪያ ይበቃል፦ የሰነድ ዓይነት፣ ርእስ፣ ቦታ፣ ዓመት፣ ቋንቋ። ዲስፔስ ይዞት የሚመጣው ደራሲ፣ ርእሰ ጉዳይና ቀን ነው፤ ደራሲን ወደ ታች አውርዱት፣ ደራሲውን የሚያውቅ ሰው ስሙን ይጽፋል እንጂ አይዘረዝርም። በየማጣሪያው 5 ወይም 6 ምርጫ ታይቶ ቀሪው «ሌሎችንም አሳይ» ሥር ይግባ። በአንድ ማጣሪያ ውስጥ ሁለት ነገር ሲመረጥ ትርጉሙ «ወይም»፣ በሁለት ማጣሪያዎች መካከል ሲሆን «እና» ይሁን። ዘጌንና ደቅን የመረጠ ሰው የሁለቱንም ይፈልጋል እንጂ ሁለቱ በአንድ ጽሑፍ የተጠቀሱበትን አይደለም። የተመረጡት ከውጤቱ በላይ በትንንሽ ሳጥን ተደርድረው በየራሳቸው መሰረዣ ይኑራቸው። ስልክ ላይ ማጣሪያው ተከድኖ ይቀመጥ፤ ስንት ማጣሪያ እንደበራ ግን ቁልፉ ላይ ይጻፍ፤ ያለዚያ ሰውየው ያጠበበውን ረስቶ «የላቸውም» ብሎ ይሄዳል።

በፊደል ተራ ማሰሻ ካስገባችሁ 33ቱን ፊደል ከነሰባት መልካቸው 231 ቁልፍ አታድርጉ። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ከአቻቸው ጋር ሲጣመሩ 28 ይቀራል፤ በ4 ረድፍ በ7 ይሞላል። መደርደሪያው ራሱ ግን ለብቻው መስተካከል አለበት። ለፍለጋ ያዋሐዳችሁት ፊደል ለድርደራ በሚውለው መስክ ላይ በራሱ አይሠራም፣ በሠ እና በሰ የሚጀምሩ ርእሶች በሁለት ቦታ ተለያይተው ይቀራሉ።

እያንዳንዱ ውጤት ሙሉ ርእሱን በሁለት መስመር፣ ደራሲውን፣ ሁለቱን ዓመት፣ ዓይነቱንና የፋይሉን መጠን ያሳይ። መጠኑ የሚጻፈው በሞባይል ዳታ ለሚከፍለው ሰው ነው፤ 40 ሜጋባይት መሆኑን ከጫነው በኋላ ማወቅ የለበትም። ፊደሉ ከ16 ፒክስል አይነስ፣ የመስመር ርቀቱ 1.6 እጥፍ ይሁን። የተገኘውን ቃል በደማቅ ፊደል ሳይሆን በስሱ ቢጫ መደብ አመልክቱ፤ የግዕዝ ፊደል ትንሽ ሆኖ ሲደምቅ ውስጡ ይደፈንና ጨ ከጩ አይለይም። ያዘመመ ጽሑፍ ጨርሶ አትጠቀሙ።

የመዝገቡ ገጽ የመንገድ መጨረሻ እንዳይሆን። ቦታው፣ ርእሱ፣ ደራሲው፣ አማካሪው ሁሉ ሲጫኑ ወደሌሎች ይውሰዱ። ሲመለስ ደግሞ ማጣሪያውም የነበረበት ተራም እንደነበረ ይጠብቀው፤ ለዚህ የተመረጠው ሁሉ በአድራሻው መስመር ውስጥ መመዝገብ አለበት። እንዲያ ሲሆን መምህሩ «ይኸውላችሁ» ብሎ ያጣራውን ዝርዝር በቴሌግራም ለክፍሉ መላክ ይችላል።

«ምንም አልተገኘም» የሚለው ገጽ ሲመጣም ባዶ አይሁን። ሦስት ነገር ይዞ ይምጣ፦ የትኛው ማጣሪያ ቢነሳ ስንት እንደሚገኝ፣ የቀረቡ ርእሶች፣ እና የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ዘንድ የሚያደርስ የቴሌግራም ቁልፍ። የተፈለገው ቃል ይመዝገብ። በየሳምንቱ ውጤት ያጡትን 50 ቃላት ማየት የርእስ ዝርዝራችሁን ከማንኛውም ስብሰባ በላይ ያሳድገዋል።

የብራና ምስሎቹ ሌላ ዓለም ናቸው። ምስል ቁጥር 37 ማለት ቅጠል ቁጥር 37 ማለት አይደለም፤ አንድ ቅጠል ፊትና ጀርባ አለው፣ ሽፋኑም ተቆጥሯል። ተመራማሪ የሚጠቅሰው ቅጠሉን ነውና ማሳያው ላይ «ቅጠል 17 ጀርባ» ተብሎ ይጻፍ። የቀድሞ የካታሎግ ቁጥር ካለ መስክ ስጡት፤ ለምሳሌ የጣናውን ገዳም የክብራን ገብርኤልን መጻሕፍት ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1973 በጀርመንኛ በታተመ ካታሎግ ዘርዝሯቸዋል፣ ብዙ ጥናትም በዚያ ቁጥር ነው የሚጠራቸው። ምስሉን ለማሳየት ትሪፕል አይ ኤፍ የተባለውን ስርዓት ተጠቀሙ፤ ትልቁን ምስል በ512 ፒክስል ቁራጭ ይከፍለውና የታየው ክፍል ብቻ ይወርዳል። ገዳሙ እንዲታይ ያልፈቀደው ካለ መግለጫው ይቆይ፣ ምስሉ ይዘጋ። ሲዘጋ ትንሿን ናሙና ምስል ለብቻ ፈትሹ፤ የእርስዋ ፈቃድ ከዋናው የተለየ ስለሆነ ዋናው ተዘግቶ እርስዋ ክፍት ልትቀር ትችላለች። ያ የእምነት ጉዳይ ነው፤ አንዴ ከተበላሸ መልሶ የሚጠገን አይደለም።

ሲያልቅ በ5 ሰው ሞክሩት፦ ተማሪ፣ መምህር፣ አስጎብኚ፣ የግብርና ባለሙያ፣ አንድ ካህን። «ደንገል እየቀነሰ ስለመሆኑ የተጻፈ ነገር አግኙ» በሉና ዝም ብላችሁ እዩ። አታግዙ። ሦስቱ አንድ ቦታ ከቆሙ ያ ቦታ ይስተካከላል።

ካርታውን ጠይቃችኋል። ይጠቅማል፣ ግን የምታስቡት ዓይነት ከባድ የሳተላይት ካርታ አይደለም፤ በዘገምተኛ ኔትወርክ ግራጫ ሳጥን ሆኖ ይቀራል። የሐይቁን ዳርቻ በቀላል የቬክተር ሥዕል አሠሩ፤ 30 ኪሎባይት አይሞላም። ላዩ ላይ ባሕር ዳር፣ ዘጌ፣ ክብራን፣ ደቅና ዳጋ፣ ጎርጎራ፣ ደልጊ፣ ቁንዝላ፣ ፎገራ፣ ጢስ ዓባይ እየተባለ ከነብዛቱ ይጻፍ፤ ሲጫኑት ያው የቦታ ማጣሪያው ይብራ። ጎኑ ላይ ያው ዝርዝር በጽሑፍ ይኑር፤ ስልክ ላይ ክብራንን በጣት መለየት ይቸግራል። ስለ ሐይቁ በጠቅላላ የተጻፈውን ደግሞ ከውኃው መሀል በአንድ ነጥብ አትሰኩት፤ እዚያ የተሠራ ጥናት ይመስላል። «መላው ጣና» የሚል የራሱ ቁልፍ ከካርታው በላይ ስጡት።